የሙሌት ርቀት፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በአንድ ባትሪ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» ሻጩም መልስ አያጣም፤ 60 ይላል፣ 80 ይላል፣ ደፈር ያለው 120 ይላል። ይህን ቁጥር አምራቾች «ሬንጅ» ይሉታል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከበዛ ወዲህም ቃሉ እንዳለ ወደ ንግግራችን እየገባ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ክልል» ብሎ የሚተረጉም አልጠፋም፤ ነገር ግን «የብስክሌቱ ክልል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ከባትሪ በፊት አስተዳደር ትዝ ይለዋል። «የጉዞ አቅም» የሚሉም አሉ፤ ለጆሮ ይጥማል፣ ግን አቅሙ የሞተሩ ይሁን የባትሪው ወይስ የነጂው አይለይም። እኔ የምመርጠው «የሙሌት ርቀት» የሚለውን ነው፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ብስክሌቱ የሚሸፍነው መንገድ ማለት ነው። «ሙሌት» ከሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ዙር ሙሌት፣ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ፣ በየቤቱ የተለመደ ቃል ነው፤ የሞላ ነገር እንደ አጠቃቀሙ እንደሚጎድልም አብሮ ያሳስባል። ቃሉ ርቀቱን ከብስክሌቱ ላይ አንስቶ ከሙሌቱና ከአጠቃቀሙ ጋር ያያይዘዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚያው ላይ ነው። የሙሌት ርቀት ከፋብሪካ ታትሞ የሚመጣ ቋሚ ቁጥር ስላልሆነ፣ ሊያረዝመው የሚፈልግ ሰው ትልቅ ባትሪ ከማማረጡ በፊት እያንዳንዱ ኪሎሜትር ምን ያህል እንደሚበላበት ማወቅ አለበት።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ አንዱ ቮልት፣ ሌላው አምፔር-ሰዓት። ሁለቱ ሲባዙ ዋት-ሰዓት ይሰጣሉ፤ ባትሪው የያዘው የኃይል መጠን ይኸው ነው። 36 ቮልትና 14 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 504 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 48 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት የሆነው ደግሞ 480። ቮልቱ ስለበለጠ ብቻ «48ቱ ሩቅ ይወስዳል» የሚል ሻጭ ካለ ብዜቱን አልሠራውም ማለት ነው። በሌላ በኩል ብስክሌቱ አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ የሚፈጀው ዋት-ሰዓት አለ፤ ይህን «የኪሎሜትር ፍጆታ» እንበለው። የሙሌት ርቀት የሚገኘው የባትሪው ዋት-ሰዓት ለኪሎሜትር ፍጆታ ሲካፈል ነው። 504 ዋት-ሰዓት የያዘ ብስክሌት በኪሎሜትር 5 ዋት-ሰዓት ከፈጀ 100 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 10 ከፈጀ 50፤ 15 ከፈጀ 33። አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ወር ይበቃል ተብሎ የተጠየቀ ሰው የቤተሰቡን ብዛት ሳይጠይቅ አይመልስም፤ የብስክሌት ሻጭ ግን ምንም ሳይጠይቅ ይመልሳል። የብስክሌት ሞተርና ባትሪ የሚሠራው የጀርመኑ ቦሽ በድረ ገጹ ላይ የሙሌት ርቀት ማስያ አስቀምጧል፤ ማስያው መልስ ከመስጠቱ በፊት የነጂውን ክብደት፣ አማካይ ፍጥነቱን፣ የመረጠውን የሞተር እገዛ ደረጃ፣ የመንገዱን ዳገታማነት፣ ነፋሱንና የጎማውን ዓይነት ይጠይቃል። ባትሪውን የሠራው ኩባንያ ይህን ሁሉ ሳይሰማ ቁጥር ካልሰጠ፣ ካርቶን ላይ ለብቻው የታተመ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን አንባቢ ይፍረድ።

ፍጆታው በዋናነት የሚሄደው ወደ ሦስት ቦታ ነው፦ አየሩን ለመግፋት፣ የሚንከባለለውን ጎማ ሰበቃ ለማሸነፍ፣ እና ዳገት ለመውጣት። ነጂው ከነብስክሌቱ 100 ኪሎግራም ቢመዝንና መንገዱ ደህና አስፋልት ቢሆን፣ የጎማው ድርሻ በኪሎሜትር 2 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ቢያዘግሙም ቢፈጥኑም ብዙ አይለወጥም። የአየሩ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ነጂ በባሕር ጠለል ከፍታ ሲሰላ የአየሩ ድርሻ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ፍጥነት 3 ዋት-ሰዓት፣ በ25 ወደ 5፣ በ32 ደግሞ ወደ 8 ይጠጋል። ነጂው በፔዳል 75 ዋት ያህል ቢያዋጣ፣ ይህም ጤነኛ ሰው ብዙ ሳይደክም ሊቆይበት የሚችለው መጠን ነው፣ ሞተሩም ከባትሪው ከወሰደው ውስጥ 80 በመቶውን ጎማው ላይ ቢያደርስ፣ በ25 ፍጥነት ከባትሪው የሚወጣው በኪሎሜትር 5 ዋት-ሰዓት ነው፤ በ32 ደግሞ 10 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ያው 504 ዋት-ሰዓት በመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር፣ በሁለተኛው 52 ያህል ይወስዳል። ፍጥነቱ የጨመረው ከሲሶ ባነሰ ነው፤ ርቀቱ ግን በግማሽ ተቆረጠ። ፍጥነቱን ወደ 20 ብናወርደው ወረቀቱ ላይ ከ250 ኪሎሜትር በላይ ይወጣል። መብራት ላይ መቆም፣ ጉድጓድና ነፋስ ባለበት ዓለም ይህን ቁጥር ማንም አያገኘውም፤ የሚያመለክተው አቅጣጫ ግን ትክክል ነው። ነፋሱን ካነሣን፣ በ20 የሚሄድ ሰው በሰዓት 15 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው አየሩ የሚቆጥርበት 35 ነው፤ የሚይዘውም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

«ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚገዛው ሊፈጥንበት ነው፤ እያዘገመ እንዲሄድ ከሆነማ ተራውን አይገዛም ነበር?» የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። መልሱ ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። 10 ኪሎሜትር መንገድ በ25 ፍጥነት 24 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ32 ደግሞ 19 ደቂቃ አይሞላም። የተገኘው ትርፍ 5 ደቂቃ ነው፤ የተከፈለበት ግን የሙሌት ርቀቱ ግማሽ ነው። ቤቱ ከሥራው 8 ኪሎሜትር የሚርቅና ማታ ማታ ባትሪውን የሚሞላ ሰው ይህን ልውውጥ ቢመርጥ ምንም አይባልም፤ ርቀት የእሱ ችግር አይደለምና። ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ መቀመጥ አለበት። ልዩነቱ በአገሮች ሕግ ውስጥም ይታያል። በአውሮፓ ኅብረት በመደበኛነት የሚፈቀደው የ250 ዋት ሞተር ነው፤ ብስክሌቱ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲደርስም እገዛው ይቋረጣል። እስራኤልም በዚሁ ልክ ትሄዳለች። በአሜሪካ ግን ሞተሩ እስከ 750 ዋት፣ እገዛውም እንደየደረጃው እስከ 32 ወይም እስከ 45 ኪሎሜትር በሰዓት ይዘልቃል። ስለዚህ በፍራንክፈርትና በዋሽንግተን የሚኖሩ ሁለት ዘመዳሞች እኩል ባትሪ ቢገዙ የሙሌት ርቀታቸው እኩል አይሆንም፤ ለፍራንክፈርቱ ሕጉ ራሱ ይቆጥብለታል። በጀርመን የብስክሌት ኢንዱስትሪው «አር 200» የሚባል የጋራ መለኪያ ያዘጋጀውም የሻጮች ቁጥር እርስ በርሱ የማይነጻጸር ስለሆነበት ነው፤ 200 የሚለው ነጂው ለሚያዋጣው ሞተሩ እጥፉን፣ 200 በመቶውን፣ ሲጨምር የሚለካ መሆኑን ያመለክታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሒሳቡን የሚያዛባው ዳገት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። 100 ኪሎግራም ክብደትን 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 27 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በየትኛውም ብስክሌት አይቀንስም። የሞተሩ ብክነት ሲጨመርበት ከባትሪው የሚወጣው 34 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የከተማው መሀል ተነሥቶ እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር የሚደርስ ሰው፣ ሁሉንም ለሞተሩ ቢተወው፣ ለመውጣቱ ብቻ 200 ዋት-ሰዓት ያህል ይከፍላል፤ የ504ቱ ባትሪ 40 በመቶ መሆኑ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የብስክሌት ከተሞች ሆነው የቆዩት መሬታቸው ሜዳ ስለሆነ ነው፤ በዚያ 100 ኪሎሜትር የሚሄድ ብስክሌት አዲስ አበባ ላይ 50 ቢደርስ ባትሪው ተበላሸ ማለት አይደለም። ደጋው የሚሰጠው አንድ ምሕረት አለ፤ አየሩ ስስ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ በ25 ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ይህ በኪሎሜትር 1 ዋት-ሰዓት ገደማ ያተርፍለታል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን 100 ሜትር ዳገት አንድ ጊዜ ሲወጣ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ሲጠራቀም የቆየው የስስ አየር ትርፍ ያልቃል። ስለዚህ አዲስ አበቤ ነጂ ርቀት ሊያተርፍ ሲያስብ ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት የመንገድ ካርታውን ነው፤ ሁለት ኪሎሜትር ዞሮ ዳገት የሚያስቀር መንገድ ከአቋራጩ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የምለው በእርግጥ ወርዶ እንደገና የሚያስወጣ መንገድን ለማስቀረት ነው፤ መድረሻው ከፍታ ላይ ከሆነ ዞረው ቢሄዱም ከፍታው ይከፈላል።

«የወጣሁትን ስወርድ ባትሪው መልሶ ይሞላልኛል» የሚል እምነት ከኤሌክትሪክ መኪና ተወስዶ በብስክሌትም ላይ ይነገራል። በመኪናው እውነት ነው፤ በብዙው ብስክሌት ግን አይደለም። ሞተራቸው ፔዳሉ ላይ የተገጠመ ብስክሌቶች፣ ጎማው መሀል ተገጥሞ ውስጡ ማርሽ ያለው ሞተር ያላቸውም ጭምር፣ ሲወርዱ ጎማው ለብቻው እንዲሽከረከር ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ሞተሩን መልሰው አያዞሩትም። ማርሽ የሌለው የጎማ ሞተር ያላቸው አንዳንዶቹ ይችላሉ፤ ሆኖም በተለመደው የከተማ ጉዞ የሚመለሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ጢም ብሎ የተሞላ ባትሪ ደግሞ ቁልቁለቱ ቢጀምርም መቀበያ ቦታ የለውም። ቁልቁለት ለብስክሌት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ያለ ፍጆታ መንከባለሉ ነው፤ ደርሶ መልስን አብሮ ማስላት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኃይሉን ከማስመለስ ይልቅ የሚያዋጣው የዳገት አወጣጡን ማሳመር ነው። ሞተር በኃይል ተጭኖ በዝግታ ሲዞር ከባትሪው ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ብስክሌት የሚያሞቀው ሞተሩን ነው። ማርሹን ከዳገቱ በፊት አቅልሎ ፔዳሉን በደቂቃ 60ና 70 ዙር እያዞሩ መውጣት ነጂውንም ሞተሩንም ያሳርፋል። ይህ ምክር የሚሠራው ግን ሞተሩ ከፔዳሉ ጋር ላለ ብስክሌት ነው፤ የጎማ ሞተር የነጂውን ማርሽ አያውቀውምና ለእሱ ያለው መፍትሔ በፔዳል ማገዝ ነው።

ከፍጥነትና ከዳገት ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ የእገዛ ደረጃው ነው። ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ በተባለው የቦሽ ሞተር «ኢኮ» ሲመረጥ ሞተሩ የሚጨምረው የነጂውን 60 በመቶ ነው፤ «ቱርቦ» ላይ በመነሻ ቅንብሩ እስከ 340 በመቶ ይደርሳል። ነጂው 75 ዋት ካዋጣ በኢኮ ሞተሩ 45 ዋት፣ በቱርቦ 255 ዋት ይሰጣል ማለት ነው። ብክነቱን ጨምረን ስናሰላው 504 ዋት-ሰዓቱ በኢኮ 9 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ያለማቋረጥ ቱርቦ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። አንድ ብስክሌት በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ዓይነት ርቀት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህም ላይ «እኔ ላብ እንዳይወጣኝ ነው የገዛሁት» የሚል ይኖራል። መብቱ ነው፤ ደረጃውን ሁልጊዜ ዝቅ ያድርግ አልልም። ሜዳ ላይ ቱርቦ ተረስቶ ሲቀር የሚባክነው ነው የሚያስቆጨው፤ ለዳገቱ ከፍ አድርጎ ሜዳው ላይ መልሶ ዝቅ ማድረግ ከነጂው ምንም ላብ አይጠይቅም። ፔዳል ሳይነኩ በእጅ ኃይል መስጫ ብቻ መሄድም በሜዳና በ25 ፍጥነት ርቀቱን ከ100 ወደ 58 ገደማ ያወርደዋል።

ስለ ክብደት የሚባለው ግን የተጋነነ ይመስለኛል። ብስክሌቱ በ3 ኪሎግራም ቢቀል ሜዳ ላይ ልዩነቱ በኪሎሜትር ከአንድ ዋት-ሰዓት አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ያን የእንጦጦ ዳገት ሲወጣም 6 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ቀላል ፍሬም ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ርቀት በሳምንት አንድ ጊዜ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ ነፋስ በማስሞላት ከሚገኘው ያነሰ ነው። የላላ ጎማ የመንከባለሉን ሰበቃ በቀላሉ ከፍ ያደርገዋል፤ የሚፈቀደው ግፊት ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የደረቀ ካቴና፣ የሚነካ ፍሬንም ሳይታወቅ ይበላሉ። ብርድ ደግሞ ለአዲስ አበባ ያን ያህል የማያሳስብ ቢሆንም ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ የሚሰጠው ኃይል ስለሚቀንስ ባትሪውን ቤት አሳድሮ ሊወጡ ሲሉ መግጠም ይጠቅማል። የቀዘቀዘውን ባትሪ ሳይሞቅ መሙላት ግን ይጎዳዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላለ ሰው ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀት የዛሬውን ርቀት ብዙም አይነካም፣ የባትሪውን ዕድሜ ግን ይበላል። ሙሉ ባትሪ ፀሐይ ላይ ትቶ መዋል ከሁሉ የከፋው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ለምን እንዲህ እንጨነቃለን? ትልቅ ባትሪ ገዝቶ መገላገል ነው።» እውነት ነው፣ ባትሪው በእጥፍ ሲያድግ ርቀቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ክብደቱ ብዙ እንደማይጎዳ ከላይ አይተናል። ዕዳው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንደኛ፣ ከብስክሌቱ ዕቃዎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ባትሪው ነው። ጊዜም አለ፤ በተለመደው 2 አምፔር ቻርጀር 14 አምፔር-ሰዓት ለመሙላት ቢያንስ 7 ሰዓት ይፈጃል፣ እጥፉ እጥፍ ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ሌሊቱን እንደማይሄድ ርግጠኛ መሆን በማይቻልበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከውጭ ለሚያመጣ ሰው የባሰ አለ፤ በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ መሠረት ከ160 ዋት-ሰዓት የበለጠ የሊቲየም ባትሪ፣ ለዊልቸር ከተፈቀደው በቀር፣ ተሳፋሪ ይዞት እንዲሄድ አይፈቀድም። የማንኛውም ደህና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ከዚህ በላይ ነው፤ ብስክሌቱን በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ ያለ ዘመድ ባትሪውን ትቶት ይመጣል። በርካሽ የተገጣጠመ ትልቅ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የኒውዮርክ ከተማ ተደጋጋሚ የባትሪ ቃጠሎ ካየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 39 በከተማዋ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎች በታወቀ የደኅንነት ደረጃ የተፈተኑ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ለርቀት ሲባል ሰፈር ውስጥ ሴል እየተበየደ የሚሰፋ ባትሪ እኔ የማልመክረው ነገር ነው። ፍጆታን መቀነስ ከእነዚህ አንዱንም አያስከፍልም፤ ፍጆታው ከቀነሰ በኋላም ርቀቱ ካልበቃ ያን ጊዜ ትልቁን ባትሪ መግዛት ምክንያት ይኖረዋል።

የራስን የኪሎሜትር ፍጆታ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ባትሪውን ሞልቶ በተለመደው መንገድ፣ በተለመደው አነዳድ፣ ደርሶ መልስ መሄድና የተሄደውን ኪሎሜትርና የጎደለውን በመቶኛ መያዝ ነው። 504 ዋት-ሰዓት ከያዘው ባትሪ በ24 ኪሎሜትር ጉዞ 40 በመቶ ከጎደለ፣ የወጣው 202 ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ ለ24 ሲካፈል 8.4 ይሆናል። የዚያ ነጂ፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ የሙሌት ርቀቱ 60 ኪሎሜትር ነው። ከዚህ ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት በመቶ መጠባበቂያ መቀነስ ይገባል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቮልቱ ስለሚወርድ ዳገት ላይ ከተጠበቀው ቀድሞ ሊያቋርጥ ይችላል። መቶኛ የማያሳይ፣ አምስት መስመር ብቻ ያለው መለኪያ የተገጠመለት ብስክሌት ግምቱ ሻካራ ይሆናል፤ መስመሮቹ እኩል ስለማያልቁ ከአንድ ጉዞ ይልቅ የብዙ ጉዞ አማካይ ይሻላል። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሒሳቡን ከሌላኛው ጫፍ ይጀምር፤ የሊቲየም ባትሪ ከ500 ያህል ሙሉ ሙሌት በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ማጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ 504 ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ባትሪ በውስጡ 400 ብቻ ሊይዝ ይችላል። በዚያው በ8.4 ፍጆታ 60 የነበረው ርቀት 48 ላይ ይቆማል፤ ዋጋ ሲከራከሩ መነሻ መሆን ያለበትም ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።